ርዕሰ አንቀጽ፦ ፊሽካ ለያዙ ልጆቻችንና ከሜዳ ዳር ለምንቆመው



እንደሚታወቀው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማኅበራችን የሚያዘጋጀው የክረምት የእግር ኳስ ውድድር ሊጀመር የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ቡድኖቹ ተመዝግበዋል። ሜዳውን ለማጨድ ማጭድ ይዛችሁ የወጣችሁትን ሁሉ ማኅበሩ ያመሰግናል። ስለ ማሊያና ስለ ኳስ መዋጮ ባለፈው ስለጻፍን ዛሬ አንደግመውም። የዛሬው ነገር ማንም የማያነሳው፣ ነገር ግን እሱ ከሌለ ጨዋታው የማይኖር ሰው ጉዳይ ነው። እሱም ዳኛው ነው።

አምና ፊሽካ ይዘው የጀመሩት የሰፈራችን ልጆች አራት ነበሩ። ዋንጫው የተሰጠ ዕለት ከአራቱ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ሦስቱ ለምን እንደተዉት ማኅበሩ ጠርቶ ጠይቋቸዋል። አንደኛው «ሩጫውም ሕጉም አልከበደኝም፤ እናቴን ሲሰድቧት እሷ ሜዳው ዳር ጉሊት ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር» ነው ያለን። ከዚህ በኋላ ምን ብለን እንለምነዋለን? ዝም አልን።

ዘንድሮ አምስት ልጆች ተመዝግበዋል። አንዷ ሴት ልጅ ናት። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእነሱ ምክር፣ ቀጥሎም ለእኛ ለተመልካቾች ማሳሰቢያ እንዲሆን ነው። እኔ ጸሐፊው የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የዳኝነት ወረቀትም የለኝም። ነገር ግን አሥራ ሰባቱን የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ተውሼ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሰቃ እስከ ሊሙ ገነት በየሜዳው ዳር ቆሜ ያየሁትም ጨዋታ ቁጥር የለውም። በዳኝነት ያረጁትንም ጠይቄአለሁ። የጻፍኩት ከዚያ ያገኘሁትን ነው።

የእኛ አገር ሰው ፍርድ አይወድም የሚል ካለ ተሳስቷል። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ያለው የኛው አባት ነው። ሁለት ጎረቤት በቡና ማሳ ድንበር ሲጣላ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ምስክር ይሰማል፤ ሰኞ ያላለቀው ለሐሙስ ይቀጠራል። ቡና እየተፈላ፣ ምርቃት እየተመረቀ ነው ፍርዱ የሚሰጠው። በኳስ ሜዳ ግን ቀጠሮ የለም። ዳኛው አይቶና አስቦ ፊሽካውን ለመንፋት ያለው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እንግዲህ ለሽማግሌው ሦስት ቀን ሰጥተን፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ ሰከንድ ሰጥተን፣ ሲስት «ሌባ!» እንለዋለን። ይኼ ፍርድ ነው እንዴ?

ከዚሁ ከጅማ የወጣችውን ሊዲያ ታፈሰን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የማያውቃት ካለ ይወቃት። በመጀመሪያ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች፤ በትምህርቷ ፋርማሲስት ናት። ፊሽካ ይዛ በ2007 ዓ.ም. በካናዳ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ በተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ላይ ከዳኞቹ መካከል ነበረች። ጥር 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በካሜሩን፣ ሊምቤ በሚባለው ከተማ፣ የታንዛኒያንና የናሚቢያን የወንዶች ጨዋታ በዋና ዳኝነት መራች። የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ ቻን የሚባለው፣ ከተጀመረ ወዲህ በሴት ዋና ዳኛ የተመራ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ሃያ ሁለት ወንድ በፊሽካዋ ሲቆምና ሲሄድ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ይህን የማነሳው የዘንድሮዋ ልጃችን አባት ቢሮ መጥተው «ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?» ብለው ስለጠየቁን ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱን ወደ መጨረሻው ላይ እጽፈዋለሁ። አስቀድሜ ለዳኞቹ።

ልጆች፣ ሜዳ ላይ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ተጫዋች ሳይመጣ ሜዳውን በእግራችሁ ዙሩት። በዚህ ክረምት ኖራ የተሰመረበት መስመር በአንድ ዝናብ ይታጠባል፤ ሰጋቱራ ትንሽ ይቆያል፣ ከእንጨት ቤቶቹ በነፃ ይገኛል። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ መስመር ከጠፋ ሁሉም ጠብ የሚነሳው እዚያ ስለሆነ ሌላው ቢቀር እሱን አሰምሩ። ጠርሙስና ቆርቆሮ ካለ አስለቅሙ። ቋሚዎቹን ነቅንቁ። የእኛ ቋሚ የባሕር ዛፍ ነው፤ መሬቱ ሲርስ ይላላል፣ ሕፃን ከተንጠለጠለበት ይወድቃል። አግዳሚውን በገመድ የምትተኩ ሰፈሮች አላችሁ። የጨዋታው ሕግ በግልጽ ገመድ አግዳሚ ሊሆን አይችልም ይላል፤ ምክንያቱም ገመድ ኳስ ሲነካው ይነሳል፣ ከላይ ይለፍ ከታች ይለፍ ማንም አያውቅም። እንጨት ይቸንከር።

መረብ የሌለን መሆኑ ደግሞ የሰፈር ዳኛ ትልቁ ፈተና ነው። ኳሷ በቋሚው ውስጥ ትሁን በውጭ፣ ከኋላ የሚይዛት ከሌለ ሁለቱም ወገን ይምላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቦታ መያዝ ነው። ጨዋታው ወደ ግብ ሲጠጋ መሐል ሜዳ ቆማችሁ አትመልከቱ። ሩጡ። ከኳሷ ጎን ሆናችሁ፣ ተጫዋቾቹና የመስመር ዳኛው ሁለቱም በሚታዩአችሁ በኩል ቁሙ። እኔ ብዙ ዳኛ አይቻለሁ፤ ሰው የሚሰድበው የተሳሳተውን ሳይሆን ከሩቅ ሆኖ የፈረደውን ነው። አምስት እርምጃ ላይ ሆኖ የሳተ ዳኛ «አየሁ» ቢል ይታመናል። ሃምሳ እርምጃ ላይ ሆኖ እውነቱን የፈረደ ዳኛ ግን አይታመንም። ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር ጠዋት ጠዋት ሩጡ። ድካም መጀመሪያ የሚወስደው ዓይንን ነው ይላሉ ያረጁት።

በኪሳችሁ ሁለት ፊሽካ ይኑር። ውስጡ ፍሬ ያለው ፊሽካ ጭቃና ውሃ ሲገባበት ይታፈናል፤ ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ሲታፈን ደግሞ ሰው ይስቃል። ለመጻፊያ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያዙ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ግብ ያገባውን፣ ቢጫ ያየውን ቁጥር፣ ደቂቃውን ወዲያው ጻፉ። «በልቤ ይዤዋለሁ» ያለ ዳኛ አንድን ተጫዋች ሁለት ቢጫ ሰጥቶ ሳያስወጣው ሲቀር አይተናል። ሰዓት ከተቻለ ሁለት።

ፊሽካ ስትነፉ ንፉ። ለስለስ ያለች ፊሽካ የምትጠራጠር ትመስላለች። ቀላል ጥፋት አጠር፣ ከባድ ጥፋት ረዘምና ጠንከር ይደረጋል። ተጫዋቹ የዳኛውን ስሜት ከፊሽካው ድምፅ ያውቃል። ግን ለመንፋት አትቸኩሉ። ጥፋት የተሠራበት ቡድን ኳሷን ይዞ ወደ ግብ እየሄደ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ አሳልፉት፤ አድቫንቴጅ የሚሉት ነው። ጥቅሙ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተገኘ ተመልሳችሁ ጥፋቱን መንፋት ትችላላችሁ። አዲስ ዳኛ ይህን አያውቅም፤ ገና ሲነካካ ይነፋና ግብ የሚያገባውን ልጅ ያስቆማል። ያኔ ጥፋት የሠራው ይሸለማል፣ የተበደለው ይቀጣል።

አሁን ደግሞ ተመልካቹ በየጊዜው ስለሚጮህባቸው ጥቂት ነገሮች። «እጅ!» የሚለው ጩኸት አንደኛ ነው። ኳስ እጅ ስለነካች ብቻ ጥፋት አይደለም። ሆን ብሎ ከነካ፣ ወይም እጁን ያለቦታው ዘርግቶ ሰውነቱን ካሰፋ ጥፋት ነው። አጥቂው በራሱ እጅ ነክታ ወዲያው ግብ ካገባ ደግሞ ሳያስበው ቢሆንም ግቡ አይጸድቅም። ትከሻ እጅ አይደለም፤ እጅ የሚጀምረው ከብብት በታች ነው። ሁለተኛው «ኦፍሳይድ!» ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምትና ከመልስ ምት በቀጥታ ለተቀበለ ተጫዋች ኦፍሳይድ የለም። ይህን ስንቱ ሽማግሌ እንደሚከራከርበት ብነግራችሁ! የእኛ አራጋቢዎች ከቡድኖቹ የሚመጡ ስለሆኑ ኳስ ከመስመር መውጣቷን ብቻ ያሳዩ፤ ኦፍሳይዱን ዋናው ዳኛ ራሱ ይፍረድ። ለገዛ ቡድኑ ባንዲራ የሚያነሳ ሰው መልአክ ቢሆንም አይታመንም።

በረኛን በተመለከተ አዲስ ነገር አለ። ድሮ በረኛ ኳስ በእጁ መያዝ የሚችለው ስድስት ሰከንድ ነበር፤ ሲያልፍ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር፣ ማንም ዳኛ ግን አይነፋውም ነበር። ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ስምንት ሰከንድ ሆኗል፣ ቅጣቱም የማዕዘን ምት ነው። ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንሥቶ በጣቱ ይቆጥራል። ለሁለቱም አምበሎች ከጨዋታው በፊት ንገሯቸው፤ ድንገት ስታደርጉት «ከየት አመጣኸው» ብለው ሜዳውን ይረግጡታል።

ስለ ካርድ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ለእኛ ለጅማ ሰዎች ይጠቅማልና። በ1958 ዓ.ም. ለንደን ላይ በዓለም ዋንጫ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ፣ ክራይትላይን የሚባል ጀርመናዊ ዳኛ የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን ከሜዳ አስወጣው። ዳኛው ስፓኒሽ አያውቅም፣ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅም። ራቲን «አስተርጓሚ አምጡልኝ» እያለ ብዙ ደቂቃ አልወጣም አለ፤ ጨዋታው ቆመ። በዚያ ውድድር የዳኞች ኃላፊ የነበረው ኬን አስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ይህን እያሰላሰለ መኪና ሲነዳ የትራፊክ መብራት ቢያይ «ቢጫና ቀይ ለማንም ሰው ይገባል» ብሎ አሰበ። ካርዱ በዓለም ዋንጫ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ነው። በዚያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ የእኛው አገር ሰው ስዩም ታረቀኝ ነበሩ።

ታዲያ ለእኛ ምኑ ነው ብትሉ፣ በእኛ ሜዳ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ለቡና ለቀማ መጥቶ የቀረው በዳውሮኛ ወይም በካፊኛ ይናገራል። ዳኛው በአንዱ ቋንቋ ሲቆጣ ሌላው «ሰደበኝ» ይላል፤ ጠቡ ከኳስ ወጥቶ ወደማይሆን ነገር ይሄዳል። ስለዚህ ልጆች፣ ንግግር ቀንሱ። ፊሽካና እጅ አስተርጓሚ አይፈልጉም። የግድ መናገር ካለባችሁ አምበሉን ብቻ ጠርታችሁ በሚገባው ቋንቋ፣ በዝግታ፣ «አንተ» እየተባባላችሁ ሳይሆን በአክብሮት ተናገሩ። የዕድሜ እኩያችሁ ቢሆንም ሜዳ ውስጥ «እርስዎ» ብትሉት አይጎዳችሁም። አንድ የማውቃቸው ሰው እንዲህ እያደረጉ ሃያ ዓመት ዳኝተዋል፤ እርስዎ የተባለ ሰው መሳደብ ያፍራል ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። በእኛ አገር ደጅ ያለፈን ሰው «ቡና ጠጡ» አለማለት ነውር ነው፤ እንቢ ማለትም እንደዚያው። ዳኛ ግን የጨዋታው ዕለት ከጨዋታው በፊት ከየትኛውም ቡድን ሰው ቤት ቡና አይጠጣ። በአንድ ስኒ ቡና ፍርዱን የሚሸጥ ልጅ አለን ብዬ አላስብም። ነገር ግን ጎረቤት በአጥር ያያል። ሠርቶ የነፋው ፍጹም ቅጣት ምት (አባቶቻችን ሪጎሬ የሚሉት) ከዚያ ስኒ ጋር ይያያዛል፤ «ጠዋት እዚያ ቤት ነበር» ይባላል፣ አለቀ። እናቶችም እባካችሁ አትጥሯቸው፤ ጠርታችሁም እንቢ ሲሏችሁ አትቀየሙ። ከጨዋታው በኋላ ማኅበሩ ቢሮ ቡና ይፈላል፤ ዳኛውም ሁለቱም አምበሎች ባሉበት ይጠጣሉ። አበሉንም ማኅበሩ ከጨዋታው በፊት በእጃቸው ይሰጣል። ድሮ ያሸነፈው ቡድን ለዳኛ «የሻይ» ይሰጥ የነበረው ቀርቷል። ወንድሙ ወይም አጎቱ ልጅ የሚጫወትበትን ጨዋታ ማንም ዳኛ እንዳይዝ ተወስኗል፤ እንደዚህ ያለ ዝምድና ያለው ምደባው ሳይለጠፍ አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ይንገር። በእኛ ሰፈር ዝምድና ያልተያያዘ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢያንስ የቅርቡን እንለይ።

መብረቅ ሲመጣ አትጠራጠሩ፤ ጨዋታውን አቁሙ፣ ተጫዋቹንም ከዛፍ ሥር አርቁ። ሕዝቡ «ቀጥል» ቢል አትስሙት። ራሱን የተመታ ልጅ ሲወድቅም ወዲያው ንፉ፤ ኳስ ግብ አፍ ላይ ብትሆንም። ወጌሻዎቻችን ለእግርና ለእጅ የታወቁ ናቸው፣ አናቱን የተመታን ግን አንገቱን ማሸት የለባቸውም። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ያን ዕለትም ወደ ሜዳ አይመለስ።

ስለ መሳሳት። ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ የምታዩት ነገር እዚህ የለም። እኛ ሜዳ ላይ ግን ልጆች እጃቸውን አራት ማዕዘን እየሠሩ «ቫር ይታይ!» ይላሉ፤ አንዳንዱ ሲቀልድ ነው፣ አንዳንዱ የምሩን ነው። ዓለም ያወቀው ባምላክ ተሰማ በ2010 ዓ.ም. ለሩሲያው ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት የአፍሪካ ዋና ዳኞች አንዱ ነበር። ይኸው ባምላክ በ2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የሴኔጋልንና የቡርኪና ፋሶን ጨዋታ ሲመራ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ፣ ሁለቱንም በምስል ከታየ በኋላ ሰርዟል። ያን ሁሉ ዓመት የሠራ፣ በአፍሪካ ትልቁ መድረክ ላይ የቆመ ዳኛ ነው። በዚያ አላነሰም። ለመመለስ ድፍረት ያስፈልጋል።

እናንተ ምስል የላችሁም፤ ሕጉ ግን በር ከፍቶላችኋል። የፈረዳችሁት ስህተት መሆኑን ካወቃችሁ፣ ወይም አራጋቢው ያያችሁትን ያላያችሁበት ነገር ካለው፣ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሩ በፊት መለወጥ ትችላላችሁ። ከተጀመረ በኋላ አይቻልም። አንዴ አልፏልና አልፏል። እዚህ ላይ አዲስ ዳኞችን አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የበደላችሁትን ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ለመካስ አትሞክሩ። ይህ ደግ ልብ ያለው ዳኛ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት ካካሳችሁ የበደላችሁት ሁለት ቡድን ይሆናል፤ ተጫዋቾቹም ያውቁባችኋል። ሰው ጮኾባችሁ ፍርድ ከለወጣችሁ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ፊሽካውን የሚነፋው ሕዝቡ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። ማታ ተኝታችሁ ያ ኳስ በዓይናችሁ ይመላለሳል። ከባልደረባችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ በጠጅ ቤትና በጫት ቤት ግን አትከራከሩበት። ሕጉም ተጫዋቹ የሚለውን ያውቃል፤ ከጨዋታው ጋር የተያያዘ ድርጊት ላይ፣ ግብ ገባ አልገባም ማለትን ጨምሮ፣ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል።

አሁን ለእኛ ለተመልካቾች። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያመጣ ያልጨፈረ ነበር? ዋንጫው የመጣው ዳኛ ባለበት ጨዋታ ነው። ዳኛ ሸሽቶ ሜዳ በዱላ የሚፈታበት ቦታ ዋንጫ የለም። እዚያ የደረሰ ተጫዋችም ሆነ ዳኛ የጀመረው እንደኛው ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሰፈራችን አራት ዳኛ ይዞ ጀምሮ በአንድ ክረምት ሦስቱን ካባረረ፣ በየዓመቱ ዳኛ ከሌላ ቀበሌ በገንዘብ ሊያስመጣ ነው። የዚያን ገንዘብ ደግሞ መዋጮ የሚያወጣ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ የወሰነው እንዲህ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ በሜዳው ዙሪያ ከመስመሩ ሁለት ሜትር ርቆ ገመድ ይወጠራል፤ ከገመዱ ውስጥ ሁለቱ ቡድኖች፣ ዳኞቹና ወጌሻ ብቻ ይገባሉ። ከዳኛው ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ብቻ ነው፤ ይህ እኛ የፈጠርነው አይደለም፣ በዓለም አቀፉ ሕግም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለየውድድሩ በመመሪያ የቀረበ አሠራር ነው። ቅሬታ ያለው ቡድን በአምበሉ ተፈርሞ በማግሥቱ እስከ ቀትር ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያቅርብ። ኮሚቴው የዳኛውን ፍርድ አይሽርም፤ ዳኛው ሕግ ካላወቀ ግን ያስተምረዋል፣ ካዳላ ያስወግደዋል። የዳኛን እናት ወይም ሃይማኖት ወይም ዘር ጠርቶ የተሳደበ ደጋፊ ከተለየ የሚደግፈው ቡድን የሚቀጥለውን ጨዋታ ያለ ደጋፊ ይጫወታል። ከባድ ነው ያላችሁ አላችሁ። በስብሰባው ላይም ተብሏል። ከባድ እንዲሆን ነው የተደረገው።

ልጃቸውን ማን እንደሚጠብቅ ለጠየቁን አባት መልሳችን ይኸው ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ በገመዱ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅም ዳኞቹን ሁሉ፣ ሴቷን ብቻ ሳይሆን፣ እስከ ደጃቸው ይሸኛሉ። አባቷ ቢፈልጉ እሳቸውም ከገመዱ ውስጥ እንዲቆሙ ወንበር ይዘጋጅላቸዋል። አንድ ነገር ብቻ እንለምናቸዋለን፤ እሳቸውም እንደማንኛውም ሰው በፍርዷ ላይ አስተያየት እንዳይሰጡ።

ገመዱ ገና አልተሟላም። ሁለት መቶ አርባ ሜትር ያህል ይጎድለናል። ቡና ጆንያ የሚያስሩበት የቃጫ ገመድ የተረፋችሁ ነጋዴዎች ብትሰጡን ይበቃል፤ እስከ ዓርብ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው። የአዲሶቹ ዳኞች ልምምድ ቅዳሜ በ12 ሰዓት ጠዋት በሜዳው ላይ ይጀመራል፤ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ኑ፣ ፊሽካው ከማኅበሩ ይሰጣችኋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ